በክንድ ላይ የተመታ ዜማ

መይሙና ሥራዋን የምታከብር ሴት ናት። ሥራውን የሚያከብር ሰው ደግሞ ሲሳሳትም በሥርዓት ነው፤ ስሕተቱን ቀንና ሰዓት ጽፎበት፣ ፈርሞበት ለአለቃው ያስረክባል። የመይሙናም ስሕተት እንዲያ ያለ ነበር፤ በመስመር የተጻፈ፣ አንድ ፊደል ያልተሰረዘበት፣ አለቆቿ ሳይቀሩ ያመሰገኗት ስሕተት።

የምትኖረው ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት አጠገብ ነው፤ ከባለቤቷ ከጣሂር ጋር። እሱ የቢሮ ሠራተኞችን ወደ ሳኒቬል የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል። እሷ ሆም ኬር ነች፤ በየቤቱ የተኙ አዛውንቶችን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች። ትውልዷ ወሎ፣ ደጋን ነው። አባቷ ሼህ ሙጠሊብ መንዙማ ሲባል ድቤ የሚመቱ፣ "የሳቸው ድቤ አፍ አለው" የተባለላቸው ሰው ነበሩ። ማታ ማታ ልጆቻቸውን የሚያስተኙት እንኳ ጀርባቸው ላይ መንዙማ በጣታቸው እየመቱ ነበር። ይቺን ያዙልኝ፤ ኋላ ታስፈልገናለች።

እንደ ፈረንጆቹ በ2012 ሚያዝያ ላይ ቢሮዋ ባቡ ሳሊማ ወደሚባሉ አሮጊት ቤት ላካት። ባቡ በአገራቸው ቋንቋ አክስት ማለት ነው፤ ከሐይቁ ወዲያም ወዲህም ያለ ፊሊፒኖ ሁሉ፣ ዘመድ ሆነም አልሆነም፣ ባቡ ሳሊማ ነው የሚላቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። የመጡት ከፊሊፒንስ ደቡብ፣ ሚንዳናው ከሚባል ደሴት ሲሆን ሙስሊም ናቸው። መይሙና በመጀመሪያው ቀን ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የቁርኣን አያ ስታይ "ሱብሃነላህ! የፊሊፒኖ እስላም አለ እንዴ?" ብላ በአማርኛ ጮኸች። ፊሊፒኖ ሲባል የምታውቀው አንገታቸው ላይ መስቀል ያሰሩትን የሆስፒታል ነርሶች ብቻ ነበር።

እኚህ ሴትዮ ግን እንዲሁ አሮጊት አልነበሩም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው፣ ኦክላንድ ውስጥ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተውሰው፣ ኩሊንታንግ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ኩሊንታንግ ስምንት የነሐስ ጎንግ ነው፤ ከትልቅ ወደ ትንሽ በአንድ የእንጨት አልጋ ላይ ይደረደራል። እያንዳንዱ የተደፋ ድስት ይመስላል፤ አናቱ ላይ እንደ እንብርት ጉብ ያለ ነገር አለው፤ ያቺን እንብርት በሁለት ቀላል ዱላዎች ይመቷታል። የነርስ ልጅ፣ የኢንጂነር ልጅ፣ የአያቱን አገር ካርታ ላይ ፈልጎ የማያገኝ ልጅ፣ ሁሉም በእሳቸው እጅ አልፏል። ኖታ የለ፣ ወረቀት የለ። "ዜማ ወረቀት ላይ ከተኛ አይነሣም" ይሉ ነበር አሉ። ከልጁ ጎን ይቀመጣሉ፤ ልጁ ሲሳሳት አይቆጡም፤ ዱላውን ከእጁ ወስደው ከተሳሳተበት ይቀጥላሉ፣ ከዚያ መልሰው መዳፉ ላይ ያኖሩለታል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት እኔ በሰው ላይ አላየሁም።

የካቲት ላይ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸው ሞተ፤ ምላሳቸውም ተያዘ። ከምላሳቸው ጋር አብሮ የተያዘ አንድ ነገር ነበር። እናታቸው ያወረሷቸው፣ ከቤተሰቡ ሌላ ማንም የማይመታው ዜማ። ለልጅ ልጃቸው ለኖራይሳ ቀስ በቀስ እያስተማሯት ነበር። ኖራይሳ ሳን ሆዜ ኮሌጅ የምትማር የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ ዜማውን ከራሱ እስከ ወገቡ ታውቀዋለች፤ ጭራው ቀረ። ጥቅምት ላይ ደግሞ ሳን ሆዜ ውስጥ የፊሊፒኖዎች ትልቅ ዝግጅት አለ፤ ባቡ ሳሊማ የእናታቸውን ዜማ ሙሉውን በሰው ፊት ሊያሰሙ ቃል ገብተው ነበር። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ ጭራው ከእሳቸው ራስ ካልወጣ፣ አብሯቸው አፈር ይገባል።

መይሙና ይህን ሁሉ አታውቅም። እሷ የምታውቀው ጠዋት ጠዋት ስታጥባቸው፣ ግራ ክንዷን ጭናቸው ላይ አሳርፋ በቀኟ ስታሻሻቸው፣ ደህነኛው ግራ እጃቸው ክንዷ ላይ መንቀሳቀስ እንደሚጀምር ነው። ጣቶቻቸው ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ይሄዳሉ፤ ይመለሳሉ። "ይኼ ነገር መንቀጥቀጥ ነው" አለች በሆዷ፤ ለሱፐርቫይዘሯም ደውላ ነገረች። ሱፐርቫይዘሯ ነርስ ነች፤ "በየቀኑ ሪፖርት አድርጊ፣ በደንብ ዲስክራይብ አድርጊው" አለቻት። ለመይሙና ይህን ማለት ለበሬ "እረስ" ማለት ነው። ጻፈች። "የግራ እጅ መንቀጥቀጥ። 9፡10 ጀመረ። ከአንጓዬ እስከ ክርኔ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሦስት ፈጣን፣ ሁለት ዝግ ያለ። አራት ደቂቃ። መጨረሻ ላይ ሦስት ጊዜ ክርኔ ላይ። ከዚያ ጣቶቼን በኃይል ከፍተው መዳፌን ይመታሉ። ቁጣ ሊሆን ይችላል።"

ሰባ ጠዋት እንዲህ ጻፈች። "ኤክሰለንት!" አለች ሱፐርቫይዘሯ። ሐኪሙም ሪፖርቱን አነበበና ሐምሌ ላይ ለመንቀጥቀጡ ኪኒን አዘዘ። በሳምንቱ እጃቸው ጸጥ አለ። ባቡ ሳሊማም ጸጥ አሉ፤ መስኮቱን እያዩ ያንቀላፋሉ። መይሙና አልሐምዱሊላህ ብላ "ተሽሏቸዋል" ስትል ጻፈች።

ነሐሴ ላይ አቴ ኮራ መጣች። መጣች ማለት አይገልጸውም፤ ገባች። "አቴ" በእነሱ ቋንቋ እንደኛው "እትዬ" ነው። ስልሳ ሁለት ዓመቷ፣ ጡረታ የወጣች ነርስ፣ ክርስቲያን፤ ቁመቷ ከመይሙና ትከሻ አያልፍም፣ ድምፅዋ ግን ሌክ ሜሪትን ይሻገራል። በዚያው አዳራሽ ኩሽና ውስጥ፣ ጎንጉ ሲመታ እሷ የአገራቸውን ምግብ ታስተምራለች፤ ከባቡ ሳሊማ ጋር ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተዋል።

"ለምንድን ነው ቤት የተቆለፈባት?" አለች በሩ ላይ ሆና።

"መራመድ አይችሉም፣ አይናገሩም" አለች መይሙና።

"እግሯ ቢታሰር ጆሮዋ አልታሰረ! ቅዳሜ ይዘሻት ትመጫለሽ።" ይኼው ነው። አቴ ኮራ እሺ የምትባል እንጂ እምቢ የምትባል ሴት አይደለችም።

ቅዳሜ ሄዱ። መይሙና መጀመሪያ የገባችው ኩሽናው ውስጥ ነው፤ ገብታም ፈራች፤ ምጣድ ላይ የሚንጫጫው አሳማ መሆኑን ሽታው ነግሯታል። አቴ ኮራ ፊቷን አየችና ከላይኛው መደርደሪያ ጆሮው ላይ አረንጓዴ ጥብጣብ የታሰረበት ድስት አወረደች። "ይኼ ድስት አሳማ አይቶ አያውቅም" አለች። "ለባቡ ሳሊማ ብዬ ከሃያ ዓመት በፊት የገዛሁት ነው። ማንኪያውም ለብቻ ነው። የነካውን ሰው እጁን እቆርጣለሁ፣ ሁሉም ያውቃል።" ባቡ ሳሊማ ከየካቲት ጀምሮ እግራቸው አዳራሹን አልረገጠም፤ ድስቱ ግን በየሳምንቱ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ፊት የሚያሳይ ሆኖ ይጠብቃቸው ነበር። መይሙና ዓይኗ እንባ አቀረረ። እንኳን ለሌላ ሃይማኖት ሰው፣ ለባል እናት እንዲህ የሚደረግበት ቤት ስንት አለ?

ከዚያ ወደ አዳራሹ ዘለቀች። ልጆቹ ዕቃቸውን እያወጡ ነበር፤ አንድ ትልቅ ጎንግ መሬት ላይ ተጋድሟል። መይሙና የባቡ ሳሊማን ቦርሳ እንደያዘች በላዩ ልታልፍ እግሯን አነሣች።

"ሆይ!" አለ አዳራሹ በአንድ አፍ።

ኖራይሳ ሮጣ ክንዷን ያዘቻት። "ይቅርታ፣ ጎንግ አይሻገሩትም። ነፍስ እንዳለው ነው የምንቆጥረው።"

ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ይሆናል። መይሙና ግን ወዲያው ገባት፤ ደጋን የተኛ ልጅ ብትሻገሪ "ተራመደችኝ! አላድግም!" ብሎ ተመልሰሽ ካላለፍሽለት ልቅሶውን አያቆምም። እግሯን መለሰች፣ ጎንጉን "አውፍ በለኝ" አለችው፣ ዞራም ሄደች። አቴ ኮራ ከኩሽናው በር ላይ ሆና ይህን አይታ በአድናቆት ራሷን ነቀነቀች።

ባቡ ሳሊማን ዊልቼራቸው ላይ እንዳሉ ከፊት አስቀመጧቸው። መይሙና አጠገባቸው ወንበር ስባ ልትቀመጥ ስትል አቴ ኮራ ትንሽዬ ጎንግና ቀጭን ዱላ አመጣችላት። "እዚህ ቤት ባዶ እጁን የሚቀመጥ የለም።"

"ኧረ እኔ አላውቅም! እኔ እኮ ሥራ ላይ ነኝ!"

"ምቱን ብቻ ያዢ። ታክ፣ ታክ። ልብ ያለው ሰው ሁሉ ይችለዋል።"

ጀመሩ። የአንድ ወጣት ከበሮ ተነሣ፤ ትልልቆቹ ጎንጎች ከሆድ ውስጥ እንደሚወጣ ድምፅ አጉረመረሙ፤ ከዚያ ኖራይሳ ስምንቱ ላይ ገባች። አጃኢብ ነው! ከጂንስ ሱሪና ከሸራ ጫማ ውስጥ አንዲት ትልቅ ሴት ብድግ ያለች መሰለ። ጀርባዋ ቀጥ አለ፤ አንገቷ ረዘመ፤ እጆቿ የሚመቱ ሳይሆን ውሃ የሚጨልፉ ይመስላሉ። መይሙና አፏን ከፍታ እያየች፣ ታክ ታክ እያደረገች ሳለ፣ ግራ ክንዷን ወረራት።

ሦስት ፈጣን፣ ሁለት ዝግ ያለ። መሄድ፣ መመለስ።

ጆሮዋ ሳይሆን ክንዷ ነው ያወቀው። ዱላው እጇ ላይ ቀረ።

ኖራይሳ መሐል ላይ ደርሳ ቆመች። "እስከዚህ ነው የማውቀው" አለች በቀስታ፤ ልጆቹም አንገታቸውን ደፉ። ዜማው እዚያ ላይ ተቆረጠ፤ በመይሙና ክንድ ላይ ግን አልተቆረጠም፤ ወደ ክርኗ ወረደ፣ ተመለሰ፣ ሦስት ጊዜ ክርኗ ላይ መታ። ወደ ባቡ ሳሊማ ዞረች። የገዛ እናታቸው ዜማ ፊታቸው ሲመታ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ ተኝተዋል። ያስተኛቸው ኪኒኑ ነው። ኪኒኑን ያሳዘዘው የእሷ ጽሕፈት ነው።

ባቡ ሳሊማን ወደ ቤታቸው መለሰቻቸው። ቤቷ ገብታ ሶፋው ላይ ከነሻርፗ ተቀመጠች።

"ምን ሆንሽ?" አላት ጣሂር።

"ጉድ ሠርቻለሁ፣ ጣሂር።"

"ምን ሰበርሽ?"

"ሰው" አለችና ሁሉን ነገረችው። "ሴትዮዋ ሦስት ወር ሙሉ በእጃቸው ሲናገሩ፣ እኔ 'በሽታ' ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ አፋቸውን አስዘጋሁ። አባቴ ጀርባዬ ላይ መንዙማ እየመታ ነው ያሳደገኝ፤ እኔ እንዴት አላውቅም? ማን ሊያውቅ ነበር ታዲያ?"

ጣሂር ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን አጠገቧ ተቀመጠ። "በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይላሉ" አለ። "አንቺ ደግሞ ወርቁ ላይ ፎርም ሞላሽበት። በይ ተነሺ፣ ሱፐርቫይዘርሽን ኮል አድርጊያት። ልጅቷንም ኮል አድርጊ።"

"ከሥራ ቢያባርሩኝስ?"

"ያባርሩሽ! የሼህ ሙጠሊብ ልጅ ምት ሰምታ ዝም አለች ከምትባዪ፣ ብትባረሪ አይሻልም?"

ደወለች። ሱፐርቫይዘሯ "ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ አስይዛለሁ፤ ይህንኑ ለእሱ ንገሪው" አለቻት። ያ ቀላሉ ነበር። ከባዱ ኖራይሳ ናት።

"አያቴ ስትናገር ነው የኖረችው?" አለች ኖራይሳ።

"አዎ።"

"አንቺ በሽታ ነው ብለሽ ጻፍሽው?"

"አዎ።"

"ከዚያም አስተኛሻት።"

"አዎ" አለች መይሙና። ሰበብ አልፈለገችም፤ ሰበብ ሞልቶ ነበር፣ ፎርሙ፣ ነርሷ፣ ሐኪሙ፤ አንዱንም አላነሣች። ኖራይሳ ስልኩን ዘጋችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰላምታዋን አልመለሰችላትም።

ሐኪሙ ሰማ፣ አዘነም፣ ኪኒኑ ግን በአንድ ጊዜ እንደማይቋረጥ፣ ቀስ በቀስ እንደሚቀነስ ተናገረ። እጁ ተመልሶ እንደ በፊቱ ይንቀሳቀስ እንደሆን ሲጠየቅ ትከሻውን ነቀነቀ። እንግዲህ መጠበቅ ነው። መይሙና ጠዋት ጠዋት አጥባቸው ስትጨርስ ክንዷን ጭናቸው ላይ ዘርግታ ትቀመጣለች። "ይምቱኝ፣ ባቡ" ትላቸዋለች በአማርኛ። "አንቱን የሚያስከፋ ነገር ሠርቻለሁ፤ ይምቱኝ።" ባቡ ሳሊማ ያዩዋታል። ዓይናቸው ከቀን ወደ ቀን እየጠራ መጣ፤ እጃቸው ግን የለም። መስከረም ገባ፤ ተጋመሰ። ዝግጅቱ አምስት ሳምንት ቀረው።

አንድ ቅዳሜ አቴ ኮራ "ዛሬ ፓስቲል ነው" አለች። ፓስቲል የባቡ ሳሊማ አገር ምግብ ነው፤ ሩዝ ላይ የተዘነጠለ የዶሮ ሥጋ አድርገው በሙዝ ቅጠል ይጠቀልሉታል። አቴ ኮራ የሌላ አውራጃ ሰው ነች፤ በልጅነቷ ቀምሳው አታውቅም፤ ያስተማሯት ባቡ ሳሊማ ናቸው። አሁን እሷ ደግሞ የእሳቸውን አገር ምግብ ለእሳቸው አገር ልጆች ልታስተምር ነው። ባለ ጥብጣቡን ድስት ጣደች፤ ቅጠሉን አከፋፈለች። ልጆቹ ቅጠሉን ቢያጥፉት ይቀደዳል፤ ቢጠቀልሉት ሩዙ ያመልጣል።

መይሙና ትንሽ ታገሠችና አላስቻላትም። "ቆዩ፣ ቆዩ፣ እንዲህ አይደለም" አለች። ደጋን የኮባ ዳቦ ስትጋግር ያደገች ሴት ቅጠል አያሸንፋትም። ቅጠሉን እሳቱ ላይ አሳለፈችው፤ ለስልሶ አብረቀረቀ፤ አበሰችው፤ አጠፍ፣ አጠፍ፣ ጫፉን ወሸቅ። አቴ ኮራ ወገቧን ይዛ አየቻት። "ይቺ ሴትዮ ከየት ነው የመጣችው ያላችሁት?" አለች ለልጆቹ። "ለዛሬ እሷ መምህር፣ እኔ ተማሪ።"

የመጀመሪያውን ጥቅል መይሙና ለባቡ ሳሊማ ወሰደች። ፊታቸው ከፈተችላቸው፤ የተለበለበው ቅጠል ሽታ ከሩዙ እንፋሎት ጋር ወጣ። ልታጎርሳቸው ጎንበስ ስትል ግራ ክንዷ የዊልቼሩ ጠረጴዛ ላይ አረፈ።

የባቡ ሳሊማ ጣት አንጓዋን ነካ።

መይሙና ክንዷን ሳታነቃንቅ ቆጠረች። አንድ። ሁለት። ሦስት ፈጣን። ከዚያ ዝግ ያለ፣ ዝግ ያለ። "ያረቢ!" አለች። "አቴ ኮራ! ኖራይሳ! ኖራይሳን ጥሩልኝ!"

ኖራይሳ ሩዝ የነካ እጇን ሳትታጠብ መጥታ ተንበረከከች። አቴ ኮራ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ሃያ ሰው ጸጥ አሰኘች፤ ድስቱ ብቻ ይንተከተካል። እጁ ሄደ፣ ተመለሰ፣ የዜማውን ወገብ አለፈ፤ ኖራይሳ ወደማታውቀው አገር ገባ። "ክርኑ ትልቁ ጎንግ ነው" አለች በሹክሹክታ። "አንጓው ትንሹ ነው። ኩሊንታንጉን ክንድሽ ላይ ነው የደረደረችው!" ሦስት ጊዜ ክርኑ ላይ መታ። ከዚያ ባቡ ሳሊማ የመይሙናን ጣቶች ከፍተው መዳፏን መቱ።

"ደከማት" አለች ኖራይሳ።

"ራባት" አለች አቴ ኮራ።

መይሙና "ቁጣ" ብላ እንደጻፈችው ትዝ አላት። ሦስቱም ተሳስተዋል፤ ግን ማን ያውቃል ያን ጊዜ?

ከዚያ ወዲያ ኖራይሳ በየማታው ከሳን ሆዜ ትመጣለች። መይሙና ክንዷን ትዘረጋለች፤ ባቡ ሳሊማ ይመታሉ፤ ኖራይሳ በዓይኗ ትለቅማለች። ክንዷ በልዞ ጣሂር "ማነው የመታሽ?" ቢላት "ዜማ" አለችው። ባቡ ሳሊማ የደከማቸው ቀን ደግሞ መይሙና ሰባውን የጠዋት ሪፖርት አምጥታ ዘረጋች። ኖራይሳ አገላብጣ አነበበችና ከነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። "አያቴ ኖታ አትወድም ነበር፤ አንቺ ሰባ ገጽ ኖታ ጽፈሽባታል!" አለች። ሳቋን ስትጨርስ የመይሙናን በልዞ የቆየ ክንድ ይዛ ጉንጯ ላይ አደረገችው። እርቁ ይኸው ነበር።

ጥቅምት ደረሰ። ሳን ሆዜ ያለው የዝግጅቱ አዳራሽ ጢም ብሏል። በሁለት ረጃጅም የቀርከሃ እንጨት መሐል፣ እንጨቶቹ እየተጋጩ፣ ባዶ እግራቸውን የሚዘሉ ልጆች ነበሩ፤ መይሙና ቁርጭምጭሚታቸው ተቆረጠ እያለች ዓይኗን ስትሸፍን ስትገልጥ አለቀ። ጊታር ይዘው የተሰለፉ ሽማግሌዎች ዘፈኑ፤ ሙሽራ እንጂ ሽማግሌ አይመስሉም። ከኋላ አቴ ኮራ ባለ ጥብጣቡን ድስት እንደ ታቦት አስቀምጣ ፓስቲል ታድላለች፤ ጣሂር አራተኛውን ሲቀበል "ለሚስቴ ነው" ብሏል፤ ውሸቱን ነው። መይሙና ይህን ሁሉ አየችና ልቧ ሞላ። ከስንት ሺህ ማይል ባሕር ወዲያ የመጣ ሕዝብ፣ ከሥራ ላይ ተርፎት በነበረ በአንድ ቅዳሜ ብቻ፣ ይህን ሁሉ ለልጅ ልጅ አድርሷል። ሰው ማለት እንዲህ ነው አለች።

የባቡ ሳሊማ ተማሪዎች ተራ ደረሰ። መይሙና አረንጓዴ ሻርፕ ለብሳ ትንሿን ጎንጓን ይዛ ከዊልቼሩ አጠገብ ተቀመጠች። ኖራይሳ ጀመረች። ራሱን መታች፤ ወገቡ ላይ ደረሰች፤ አዳራሹ ውስጥ ነገሩን የሚያውቁት ሁሉ ትንፋሻቸውን ያዙ። አለፈች! ወደ ጭራው ገባች፣ ወረደች፣ ወጣች፤ ሦስት ጊዜ ትልቁን ጎንግ መታች። ሰው ተነሥቶ አጨበጨበ።

ባቡ ሳሊማ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። አላለቀም።

ጭብጨባው ገና ሳይበርድ የመይሙናን እጅ ያዙ። ትንሿን ዱላ አስጣሏት። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከፍተው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ መዳፏን መቱ። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። ኖራይሳን አዩ፤ መልሰው መዳፉን መቱ።

ኖራይሳ ሁለቱን ዱላዎች መሬት ላይ ልታኖር ጎንበስ ብላ ነበር፤ እዚያው ደርቃ ቀረች። ልጅ ሳለች አያቷ ስንት ዜማ መትተው ሲጨርሱ አይታለች፤ ዱላውን መሬት ሲያስቀምጡ ግን አንድም ቀን አላየችም። ሁልጊዜ ከእጃቸው ወደ ሰው መዳፍ ነው የሚሄደው። ተነሣች። ጎንጎቹን ዞራ መጣችና ዱላዎቹን መይሙና መዳፍ ላይ አኖረች።

"እኔ?" አለች መይሙና። "ኧረ እኔ እኮ ሠራተኛ ነኝ! ያንቺ ነው፣ የቤተሰብ ነው!"

"እሷ የሰጠችው ለአንቺ ነው" አለች ኖራይሳ። "የመጨረሻው ይኼ ነው። ይሄ ነው የጎደለው።"

ያን ጊዜ ነው መይሙናን እንባ የቀደማት። ሰባ ጠዋት! እኚህ ሴትዮ ሰባ ጠዋት የእናታቸውን ዜማ ከራስ እስከ ጭራ ክንዷ ላይ ዘርዝረው ሲያበቁ፣ መዳፏን ከፍተው "እንኪ" ሲሏት ነው የኖሩት። እሷ እያጠበቻቸው፣ እሳቸው እያስተማሯት ነበር። እሷም ሰባ ጊዜ "ቁጣ" ብላ ጽፋ ፈረመች። ባቡ ሳሊማ በደህነኛው እጃቸው ጣቶቿን ዱላው ላይ ዘጉላት።

ከኋላ ድምፅ መጣ፤ የማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። "ተቀበያት እንጂ፣ አንቺ ሴትዮ!"

መይሙና ተነሣች። መሬት የተጋደመውን ትልቁን ጎንግ ዞራ አልፋ ስምንቱ ፊት ተቀመጠች። አንዴም መትታቸው አታውቅም፤ ዓይኗን ጨፈነችና ክንዷን ሰማችው። አንጓ፣ ከአንጓ ዝቅ፣ ክርን። ዘገየች፣ ግን ሄደች። አንድ ቦታ ተሳሳተች፤ ኖራይሳ አልተናገረችም፤ ዱላውን ከእጇ ወስዳ ከተሳሳተችበት መታች፣ መልሳ መዳፏ ላይ አኖረችላት። ጣሂር እስከ ዛሬ ምቱ ትንሽ ወደ ደጋን ያዘነብል ነበር ይላል። ቢሆንስ? ባቡ ሳሊማ በዊልቼራቸው ክንድ ላይ አብረዋት ይመቱ ነበር፤ አላረሟትም።

ሰኞ ጠዋት መይሙና ሥራ ገባች፣ አጠበቻቸው፣ ክንዷን ጭናቸው ላይ አሳረፈች። ሲጨርሱ ፎርሟን አውጥታ እንደ ወትሮዋ ሞላች። "የግራ እጅ፦ ደኅና። 9፡10 ጀመሩ። አራት ደቂቃ። መጨረሻ ላይ ሦስት ጊዜ ክርኔ ላይ። ከዚያ መዳፌን መቱ።" ቀጥሎ "ቁጣ ሊሆን ይችላል" ስትልበት የኖረችው መስመር ላይ ብዕሯ ትንሽ ቆመ። "ተቀብያለሁ" ብላ ጻፈች፤ ፈረመችም።